አርባ ሜትር ወደ ምዕራብ

አዲሱ ስልክ ሱቃችን የገባው መጋቢት ውስጥ አርብ ቀን ነው። ሁለት ፍሬ ብቻ፤ አንዱ ለሽያጭ፣ አንዱ ለመሞከሪያ። ሱቁ ሚስማር፣ ገመድ፣ የመረብ ተንሳፋፊና የጎማ ቦት ጫማ የሚሸጥበት ነው፤ የእኔ የስልክ መደርደሪያ በመስኮቱ በኩል ያለችው ጥግ ናት። አዲስ ስልክ በመጣ ቁጥር አንድ ወፍራም ወረቀት እወስድና መሐሉ ላይ መስመር አስምሬ በአንዱ ወገን «ለከተማ»፣ በሌላው ወገን «ለሐይቅ» ብዬ በእጄ እጽፋለሁ። የኩባንያው መጽሔት ስልኩ ምን እንደሚችል ይናገራል። የእኔ ወረቀት ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ላይ፣ የዓሣ ልጋግ በነካው ጓንት፣ ስልኩ ምን እንደሚሆን ይናገራል። ዓሣ አጥማጆቹ የሐይቁን ወገን ብቻ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡና አምነው ይገዛሉ።

የማያውቁት ነገር ቢኖር የእኔ ሐይቅ ማቀዝቀዣ መሆኑን ነው። ስልኩን ለመንጠቆ ምግብ ከሚሸጡት ትንንሽ ዓሦች ጋር እዘጋበታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አውጥቼ በእርጥብ ጓንት እነካካዋለሁ። በእውነተኛው የሐይቁ በረዶ ግግር ላይ ከዳርቻው ሁለት ኪሎ ሜትር አልፌ አላውቅም። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ሐይቅ ዳር ነው። ልጅ ሆኜ ግግሩ ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ያንን ከሥር የሚመጣ ረጅም ማቃሰት አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር፤ ፍርሃቱ ከእኔ ጋር አብሮ አደገ። ለማንም አልተናገርኩም። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ እኛ ዘንድ ይህን አይናገርም።

የዚያኑ ዕለት ሩና መጣች። ሩና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ የቫልዲ ልጅ። ቫልዲ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር ግግሩን እየበሱ ከሥሩ መረብ የሚዘረጉ ሽማግሌ ናቸው። ጥር ላይ መረባቸው አጠገብ ደረታቸውን ይዘው ወደቁና አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን ተኙ። ሌላ አጥማጅ መንገድ ስቶ በዚያ በኩል ባያልፍ ኖሮ እስከ ማታ የሚፈልጋቸው አልነበረም።

ሩና ወረቀቴን አነሳችው። ባዶ ነበር።

«ኤይናር፣ ምንም አልጻፍክም እኮ።»

«ዛሬ ነው የገባው። ማክሰኞ ተመለሺ።»

«አባቴ ነገ ነው የሚወጣው። ይሄ ስልክ ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት መልእክት ይልካል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ይላሉ።»

«ይላሉማ እኔም አልኩህ። አንተ ምን ትላለህ?» ወረቀቱን መለሰችልኝ። «የካሜራውን ነገር ተወኝ፤ የዓሣ ፎቶ ሰልችቶኛል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አባቴን ከሐይቁ ይመልስልኛል ወይስ አይመልስልኝም? አዎ ካልከኝ እገዛለታለሁ። አይ ካልከኝ መረቡን እደብቅበታለሁ። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ አንነጋገርም፤ ግን በሕይወት ይኖራል።»

ማቀዝቀዣውን አየሁት። ስለዚህ ጥያቄ ማቀዝቀዣው ምንም አያውቅም።

«ነገ አብሬያቸው እወጣና እዚያው እሞክረዋለሁ» አልኩ። ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቫልዲ በበረዶ ላይ የሚነዱትን ሞተራቸውን አስነስተው ሐይቁ ዳር ጠበቁኝ። ከኋላው የዓሣ መጫኛ ተንሸራታች ታስሯል። እኛ ሁላችንም «አፊ» እያልን ነው የምንጠራቸው፤ በአባቶቻችን በአይስላንዶቹ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

«ዛሬ የሚሞከረው ስልኩ ነው ወይስ አንተ?» አሉኝ።

«ስልኩ ነው፣ አፊ።»

«እንግዲያስ እሱን ከፊት አድርገው። አንተ ከኋላዬ ጥብቅ ብለህ ያዝ፤ ብትወድቅ አልመለስልህም።»

ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከከተማው በኩል፣ ከጀርባችን ነበር። ከጀርባ የሚመጣ ነፋስ አይበርድም፤ ቀኑን መልካም ያስመስለዋል። መንገዱን የሚያሳዩት ቫልዲ ታኅሣሥ ላይ ግግሩን እየበሱ የተከሏቸው የጥድ ቅርንጫፎች ነበሩ። እነሱን በግራችን እያደረግን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሄድን። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ የከተማውን የውሃ ማማ እያየሁ ነበር የሄድኩት፤ አውራ ጣት ታህል ነበረች፣ ቀጥላ የክብሪት እንጨት አከለች፣ በመጨረሻ ጠፋች።

የመጨረሻው ቅርንጫፍ አጠገብ ቆምን። ቫልዲ ሞተሩን አጥፍተው ግግሩን በተረከዛቸው ደበደቡት።

«ሰማንያ ሴንቲ ውፍረት አለው። መኪና ይሸከማል። ፊትህ ግን ወተት መስሏል።»

«ብርዱ ነው።»

«ገና መቼ በረደና።»

ወረቀቱንና እርሳሱን አወጣሁ። ሥራ የያዘ ሰው ፍርሃቱን ይረሳል ይባላል፤ በግማሽ እውነት ነው። ባትሪው ከቤት ስንወጣ መቶ ነበር፣ አሁን ሰባ ስምንት። ጻፍኩ። በቀጭን ጓንት ይታዘዛል፣ በወፍራም ጓንት አይታዘዝም። ጻፍኩ። ስክሪኑ በበረዶው ነጸብራቅ ላይ በደንብ ይነበባል። ካሜራው መቶ እጥፍ ያቀርባል የተባለለት ነው፤ ወደ ከተማው አዞርኩትና የውሃ ማማዋን አገኘኋት።

ቫልዲ በትከሻዬ ላይ አጮለቁ። «ሩና መስኮት ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ትታያለች?»

«አትታይም።»

«ጥሩ ካሜራ ነው። እሱን ጻፍ።»

ከዚያ «ያቆምኩበት ቦታ» የሚለውን ነካሁ። በትልልቅ ገበያዎች መኪናቸውን የት እንዳቆሙ ለሚጠፋባቸው የከተማ ሰዎች የተሠራ ነው፤ የቆምክበትን ቦታ ይይዝልህና ስትርቅ አቅጣጫውንና ርቀቱን ይነግርሃል። በእኛ ሐይቅ ብናኝ በረዶ ሲነሳ ሰው ከሞተሩ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ጠፍቶ ያውቃልና ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ስልኩን ሞተሩ መቀመጫ ላይ አስደግፌ ቦታውን አስያዝኩት።

ቫልዲ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በመጥረቢያ ከፈቱ። መረቡን ሳብን። ፒክረል የምንላቸው ዓሦች እየተገላበጡ ወጡ፤ ግግሩን ሲነኩ አፋቸውን ሳይዘጉ ይደርቃሉ። እጄ ሥራ ላይ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ከሥራችን ላለው ነገር ተከፍቷል። አንዴ ከሩቅ፣ ከወጣንበት በኩል፣ ከባድ በር የተዘጋ የመሰለ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሐይቁ ነው። ያገሳል። ከሚስቴ ይሻላል፤ እሷ ስታገሳ ምክንያት አላት።»

አርባ ደቂቃ ያህል ሠርተን ወደ ሞተሩ ተመለስን። ስልኩን ሳነሳው እንዲህ ይላል፦ ያቆምክበት ቦታ አርባ ሜትር ወደ ምዕራብ ነው።

ሌላው እጄ ሞተሩ ላይ ነው። የሞተሩ መሪ ብረት በጓንቴ ውስጥ ይቀዘቅዘኛል። ከጎኑ ቅርንጫፉ ቆሟል። እኛም፣ ሞተሩም፣ ቅርንጫፉም አንድ ቦታ ነን፤ ስልኩ ግን ሞተርህ እዚያ ማዶ ነው ይለኛል። በጣቱ እንደሚያሳይ ሰው ቀስቱን ወደ ባዶው በረዶ አድርጓል።

«አፊ፣ ተሳስቷል።»

ቫልዲ መጥተው አዩና ሳቁ። «ያንን ቅርንጫፍ በዚህ እጄ ነው የተከልኩት። ስልክህ አርባ ሜትር ከሳተ መረቤን የጎረቤት መረብ ነው ብሎ ያስከስሰኛል። ጻፍበት።»

ጻፍኩበት። በሐይቁ ወገን፦ «ቦታ ማሳየት፦ መጥፎ፤ እስከ አርባ ሜትር ይስታል።» እዚህ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ የሚማረው ነው፤ ነፋስ ይዋሻል፣ ፀሐይ ትዋሻለች፣ ቅርንጫፍ አይዋሽም።

ሁለተኛውን መረብ ሳብን። ነፋሱ በረታና ብናኙ በጉልበታችን ልክ መሮጥ ጀመረ። ስመለስ ስልኩ ሰባ አምስት ሜትር ይላል። አርባውን ሰርዤ ሰባ አምስት ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ነውር ያለበት ስልክ እንዴት ለሽያጭ ወጣ ብዬ ተገረምኩ፤ ለሩና የምነግራትን ቃልም አዘጋጀሁ፦ አትግዢው፣ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። «አይ» ማለት ቀላል ነው፤ «አይ» ያለ ሰው በኋላ አይጠየቅም።

ስልኩን እያየሁት ሳለ ሰባ አምስቱ ሰባ ሰባት ሆነ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ሰባ ዘጠኝ። የተሳሳተ ስልክ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይስታል፤ ቁጥሩ ይዘላል፣ ይመለሳል። ይሄ አልዘለለም። ሰማንያ ሁለት አለ፣ ከዚያ ሰማንያ አራት፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው።

ስልኩን ይዤ ወደ ቫልዲ ሄድኩ።

«አፊ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። «ስልኩ ባይሳሳትስ?»

«እንዴት?»

«ሞተሩን ያቆምነው እዚያ ቢሆንስ? እኛም፣ ሞተሩም፣ ቅርንጫፉም አብረን እየሄድን ቢሆንስ?»

ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። አልሳቁም። ከሳጥናቸው ውስጥ ጥልቀት የሚለኩበትን፣ ከባድ የእርሳስ ብረት የታሰረበት ሲባጎ አወጡና በቀዳዳው ለቀቁት። እርሳሱ ሥሩን ሲነካ ሲባጎው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለታችንም ተንበርክከን አየነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲባጎው መዘንበል ጀመረ። ወደ ምዕራብ። እርሳሱ የሐይቁ ወለል ላይ ባለበት ቀርቷል፤ ቀዳዳው ነው ትቶት የሚሄደው።

ቫልዲ ሲባጎውን አልጠቀለሉትም። በቢላ ቆረጡትና ቆሙ። አርባ ዓመት ያገለገለ ሲባጎ ሲቆርጡ ሳይ ከቁጥሩ ይበልጥ ያ አስፈራኝ።

«ተነስ» አሉ። «ዓሣውን ተወው።»

ወደ ከተማው በቅርንጫፎቹ መስመር ከነፍን። ነፋሱ አሁን ፊታችን ላይ ነው፤ ዓይን አያስከፍትም። ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ከብናኙ ውስጥ እየወጡ ያልፉናል፣ ሁሉም በቦታቸው፣ አንዳቸውም ሳይዛነፉ። ስድስት ኪሎ ሜትር ስንሄድ ቫልዲ ፍሬን ያዙ፤ ተንሸራታቹ ከኋላ ገፍቶን ወደ ጎን ዞርን።

ከፊታችን አንድ ቅርንጫፍ ነበር። ከሱ ወዲያ ጥቁር ውሃ። ውሃው እንደ ድስት ይተናል። ከእንፋሎቱ ማዶ፣ ሦስት የበረዶ ሆኪ መጫወቻ ሜዳ ያህል ርቆ፣ የግግሩ ሌላ ጠርዝና የሚቀጥለው ቅርንጫፍ ይታያሉ። መንገዱ ከዚያ ወደ ቤት ይቀጥላል።

በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። ልጅ ሆኜ አልጋዬ ላይ ያየሁት ሁሉ ይኸው ነበር፤ ውሃው ብቻ እኔ ካሰብኩት ይበልጥ ዝም ያለ ነበር።

«እንግዲህ» አሉ ቫልዲ፣ ተንሸራታቹ ላይ ተቀምጠው። «ያንን መጫወቻ አውጣው።» አንድ እጃቸው ካፖርታቸው ውስጥ ነው። እንደማየው ሲያውቁ «አላመመኝም» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

ባትሪው ሃያ ዘጠኝ ነበር። የሳተላይቱን መልእክት ከፈትኩ። ስልኩ በትሕትና ጠየቀኝ፦ ምን ደረሰብህ? ምርጫ ሰጠኝ፦ መኪና ተበላሽቷል፣ ታምሜያለሁ፣ ጠፍቻለሁ፣ እሳት ተነስቷል፣ ሌላ። የቆምኩበት መሬት ጥሎኝ እየሄደ ነው የሚል ምርጫ የለም።

«ጠፍቻለሁ ልበል?»

«እንዳትለኝ። አልጠፋሁም። የት እንዳለሁ አውቃለሁ። ቫልዲ ሐይቁ ላይ ጠፋ ከተባለ ሰው መቃብሬ ላይ ይስቃል።»

«ሌላ» የሚለውን ነካሁ። አልታዘዘም። ጓንቴን አወለቅኩና በባዶ ጣቴ ነካሁ። አልታዘዘም። ጣቴ ነጭ ሆኗል፤ ስክሪኑ የሚያውቀው የሰው ሙቀትና እርጥበት ነው፣ በዚያ ጣት ላይ ደግሞ ሁለቱም የሉም። ደግሜ፣ ደጋግሜ ጫንኩት። ስልኩ እንደሌለሁ ቆጠረኝ። የሞትኩ ይመስል።

«ስጠኝ» አሉ ቫልዲ። ቆብ የሸፈነውን ፊታቸውን ገልጠው በአፍንጫቸው ጫፍ ነኩት። ተከፈተ። «ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ስትሰደብ የኖረች አፍንጫ» አሉ። አልሳቅኩም፤ ግን ትንፋሼ ተመለሰ።

ጣቴን አፌ ውስጥ እያሞቅኩ ጻፍኩ፦ ሁለት ሰዎች፣ ግግሩ ተቆርጦ ወደ ምሥራቅ እየሄደ፣ አንዱ የልብ ሕመም ያለበት። ስልኩን ወደ ሰማይ ማቅናት ነበረብኝ። ወደ ግራ ዙር ይለኛል፤ እዞራለሁ። ጥቂት ወደ ቀኝ ይለኛል። ሰማይ የሚባል ነገር አይታይም፤ ነጭ ብቻ ነው፣ ከላይም ከታችም። እጄን ዘርግቼ ቆሜ፣ ነፋሱ በእጅጌዬ ገብቶ በብብቴ እየወጣ፣ ከኋላችን ደግሞ ግግሩ እንደገና ጮኸ። የሩቅ በር አልነበረም አሁን። ከእግሬ ሥር በጫማዬ በኩል ነው የሰማሁት።

መልእክቱ ሄደ። ከአራት ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ፦ አትንቀሳቀሱ። የነፍስ አድን ጀልባ ከከተማው ተነስታለች። አንድ ሰዓት። ቦታችሁ እየተቀየረ ስለሆነ በየአሥር ደቂቃው አዲስ ላኩ።

ባትሪው አሥራ ዘጠኝ ሆኗል። አንድ ሰዓት ስድስት መልእክት ነው። በብርዱ እያንዳንዱ መልእክት ሦስት ወይም አራት ይበላል። አልበቃ አለኝ።

ሱቅ ውስጥ ሆኜ ያወደስኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። የስክሪኑን ድምቀት ቀነስኩ። መንገድ መዝጋቢውን አጠፋሁ። የምወዳትን፣ በድምፅ የምትታዘዘዋን ነገር አጠፋሁ። በመጨረሻ የቀረው አንዲት ቁጥርና አንድ «ላክ» የሚል ቃል ነበር። ለሐይቅ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው። የቀረው ባትሪ እንዳያልቅ ግን ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ሲልክ ደግሞ ሰማይ ማየት አለበት።

«አፊ፣ ብብትዎ ውስጥ ያስገቡት።»

«ምኑን?»

«ስልኩን። እንዲሞቅ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ስልክ አቅፌ ልሙት?» አሉ፤ ግን ካፖርታቸውን ከፈቱ። ሳስገባው ልባቸው በእጄ ላይ ይመታ ነበር፤ ይመታል፣ ይዘላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመታል። ዝም በሚልበት ጊዜ እኔም አልተነፈስኩም።

በየአሥር ደቂቃው አወጣዋለሁ፣ እልካለሁ፣ እመልሳለሁ። አሥራ አምስት። አሥራ አንድ። ከኋላችን ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ስንጥቅ ተከፈተ፤ ደሴታችን ጠበበች። ቫልዲ ማውራት አቆሙ። ስድስት። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። አርባ ዓመት ስለ መረብና ስለ ሚስታቸው የሚቀልዱ ሰው ዝም ሲሉ ነፋሱ ብቻ ቀረ።

የጀልባዋን ድምፅ ሰማን። በበረዶም በውሃም ላይ በትልቅ ማራገቢያ የምትነዳው ናት፤ ድምፅዋ እንደ አውሮፕላን ነው። ቀረበች። በስተቀኛችን ሆነች። ከዚያ አለፈች። ጮኽን፤ በነፋስ ላይ መጮህ ትራስ ውስጥ እንደ መጮህ ነው። የመጨረሻውን መልእክት ወደላክንበት ቦታ ነበር የምትሄደው፤ እኛ ከዚያ ተነስተናል።

ሦስት በመቶ። በሦስት በመቶ አንድ ነገር ይሠራል። ወይ መብራቱን አብርቼ ወደ ድምፁ አውለበልባለሁ፣ ወይ አንዴ ቦታችንን እልካለሁ። መብራቱ ቅርብ ነው፤ እጄ ላይ ነው፣ ሲበራ አየዋለሁ። መልእክቱ ሰማይ ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ በማላውቀው ሰው እጅ አልፎ ነው እዚያ ያለችው ጀልባ የሚደርሰው። የፈራ ሰው የሚያየውን ይመርጣል። ጣቴ መብራቱ ላይ ነበር። ግን ብናኙ ውስጥ የራሴን ቦት ጫማ እንኳ አላይም። ላክ የሚለውን ነካሁና እጄን ወደ ነጩ ዘረጋሁ። በመላክ ላይ ይላል። በመላክ ላይ። ስክሪኑ ጠፋ።

ሄዶ እንደሆነ፣ ቀርቶ እንደሆነ አላወቅኩም። ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ፊቴን አየሁ። ቫልዲ ጎን ተቀምጬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም። ድምፁ ከሩቅ ዞረ። እንደገና ጠፋ። ደግሞ መጣ፣ ከግራ፣ ከዚያ ከፊት፣ ከዚያ ነጩ ውስጥ ቢጫ ነገር ታየ፤ ጀልባዋ ነበረች።

ሩና ጀልባዋ ባወረደችን ዳርቻ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሐኪሙ አባቷን ሲመረምር የአባቷን ኮፍያ አስተካከለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ። ይመልስልኛል ወይስ አይመልስልኝም?»

«አውቆ ነበር» አልኩ። ጥርሴ ይንቀጠቀጣል። «እኛ ሳናውቅ አውቆ ነግሮን ነበር። አርባ ሜትር አለ። እኔ ስህተት ነው ብዬ ጻፍኩበት።»

«አባዬስ?»

«ሳቁ።»

«ኤይናርም ስቋል» አሉ ቫልዲ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነው።

«እኔ አልሳቅኩም።»

«በሆድህ።»

«ስልኩን እገዛለታለሁ» አለች ሩና። «ግን እሱ አይሰማውም፤ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ነው መስማት ያለበት። የሚፈራ ሰው። አንተ ትሰማልኛለህ።»

እንደምፈራ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ አልጠየቅኳትም።

በአራተኛው ቀን ነፋሱ ዞሮ ግግሩን ወደ ዳርቻው መለሰው፤ ብርዱ መልሶ ሰፋው። በሳምንቱ ወንዶቹ ሁሉ ሐይቁ ላይ የቀሩ መረቦቻቸውን ሊያነሱ ወጡ። ቫልዲም ሞተራቸውና ሦስት መረባቸው እዚያ ነበር። ሐኪሙ ከለከላቸው፣ ሩና ከለከለቻቸው፣ ረቡዕ ጠዋት በሌላ አጥማጅ ሞተር ተፈናጥጠው ሄዱ። ስልኩ ከሙቀት ሰጪ ከረጢት ጋር ካልሲ ውስጥ ገብቷል። እሷ አውቶቡስ ላይ ናት። እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ስልካቸው በሳተላይት የሚልካትን አንዲት ነጥብ ስክሪን ላይ እያየሁ ነው። ሞተራቸውን አግኝተው፣ ስልኩን ሰማይ እንዲያይ ላዩ ላይ አስረው፣ መረቡ አጠገብ ሲያቆሙት ቦታውን ያዝኩ።

ሁለት ሜትር። አምስት። ሦስት። ይዘላል፣ ይመለሳል፤ እንዲህ መሆን አለበት። አንድ ሰው ሚስማር ጠየቀኝ፤ ጠብቅ አልኩት። ስድስት። ስምንት። ስምንት። አሥራ አንድ።

ወደ አንድ ወገን ነው? ሦስት ቁጥር አንድ ወገን ይባላል? ጻፍኩ፦ አሥራ አንድ። ይውጡ።

መልስ የለም። ሚስማር የጠየቀኝ ሰው ሄደ። ነጥቧ ቆማለች። ስድስት ደቂቃ ቆጠርኩ፤ ስድስቱንም ጥቁሩን ውሃ እያየሁ። ከዚያ ነጥቧ ወደ ምዕራብ መሮጥ ጀመረች።

ቫልዲ ሱቅ ሲገቡ ቦት ጫማቸው ወለሉን አረጠበው። ሁለት መረብ ትተው መጥተዋል። ግግሩ አልተቆረጠም። እስከ ምሽትም አልተቆረጠም፤ ሌሎቹ ወንዶች ሁሉንም አንስተው በሰላም ገቡ፣ በመንገድ ሲያገኙኝም ጠባቂው መልአክ ብለው አላገጡብኝ።

«ስንት ነበር ያልከኝ?» አሉኝ ቫልዲ።

«አሥራ አንድ።»

«ዝም ብሎ ሲቀመጥስ ስንት ይስታል?»

«አምስት። አንዳንዴ አሥር።»

«አሥራ አንድ» አሉ ለራሳቸው። አልሳቁም። ስልኩን ከካልሲው አውጥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ነገም እወጣለሁ፣ ተቀመጥልኝ ብለው ሄዱ።

ስክሪኑን አልዘጋሁትም። ነጥቧ መንገዱን ተሻገረች፣ ቤታቸው ገባች፣ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ይመስለኛል ቆመች። ጥቂት ጠብቄ ቦታውን ያዝኩ። ሁለት አለ። ሦስት። አራት። ወረቀቱን ሳብኩና በሐይቁ ወገን አራት ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ሳልነቅል የሚቀጥለውን ጠበቅኩ።